የሶፎንያስን ክፍል ማን ይጥረገው?

ሆሳዕና፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለሚክያስ፤

የጌታ ሰላም ከመኝታህ እስከ ሱቅህ ባንኮኒ ይከተልህ። እኛ ከጆሮዬ በስተቀር ደህና ነን። ጆሮዬ እንደምታውቀው ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ስልክ ስትደውል የምሰማው የንብ ድምፅ ብቻ ስለሆነ በደብዳቤ መጻጻፋችንን እንቀጥል። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሰብሌ የእኔን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች፤ የአንተን ደግሞ አትማ ትሰጠኛለች። ለእናትህ የማነብላት እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ ሰው ቀስ ብሎ ማንበብ አይችልምና ሰፈሩም አብሮ ይሰማል። ምስጢር ካለህ አትጻፍ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሐሙስ የእናትህ አከራይ ወይዘሮ ሀሚዳ መጣች። ከገባች ጀምሮ እጇን ስታሻሽ፣ ስለ ዝናቡም ስለ ስኳሩም ስታወራ ቆየችና በመጨረሻ ቤቱን እንደምትፈልገው ተናገረች። ልጇ አህመድ ከጾማቸው በኋላ ሊያገባ ነው፤ ሙሽራይቱን የሚያስገባበት ቤት የለውም። «ጋሽ ተገኘ፣ አሥራ ሰባት ዓመት አብሮ ኖሮ ውጡ ማለት ሞት ነው» ብላ አለቀሰች። ከእናትህ ይልቅ እሷን ማጽናናት ሆነ ሥራችን። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጊዜ ሰጥታናለች። እናትህ ሆመቾ ወደ አባታችን ቤት ትገባለች። ገነቴን ታውቃታለህ፤ የምትወስደውንና የምትተወውን በማግስቱ ለይታ ጨርሳለች።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ የሰው ቤት በምን ሁኔታ ተመልሶ እንደሚሰጥ ግን ማናችንም አናውቅበትም። ሦስት ክፍል ነው፤ የእናትህ፣ የአንተ የነበረው፣ የወንድምህ የሶፎንያስ። ምን እናድርግ? ምከረን።

ወንድምህ ወደ አንተ ብሎ ከዚህ መናኸሪያ ከተሳፈረ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። በገና «ስልክ የሌለበት ቦታ ነው፣ ሲመቸው ይደውላል» ብለህ ነበር። እናትህ ደውሎ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች።

አጎትህ ተገኘ

*

ሩስተንበርግ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ተገኘ፤

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይጨምርልዎ፤ ለእናቴም እንዲሁ። ለወይዘሮ ሀሚዳ ስለ አህመድ ጋብቻ እንኳን ደስ አለሽ በሉልኝ። እሱ ልጅ ሚስት ሊያገባ ነው? ካልሲውን እንኳ ለብቻው ማድረግ አይችልም ነበር እኮ!

ስለ ቤት መልቀቅ ለጠየቁኝ፣ ትክክለኛውን ሰው ነው የጠየቁት። ባለፈው ወር እኔም ቤት ቀይሬ ነበር። እዚህ ቤት ሲለቀቅ ተከራይ ገብቶበት የማያውቅ መስሎ ነው መመለስ ያለበት። አከራዬ መነጽሯን አድርጋ፣ ወረቀት ይዛ መጣች። ወንበር አስመጥታ ወጥታ በሩ አናት ላይ ጣቷን ሰደደች፤ አቧራ ስታገኝ አሳየችኝ። የምድጃውን ውስጥ ጎንበስ ብላ በባትሪ አየች። ሁለት ቀን ሱቄን ዘግቼ ስፈትግ ጉልበቴ ተላጠ። ቢሆንም ስጨርስ ደስ አለኝ። ጥሩ ነገር ነው፣ እኛም እንደዚያ ብናደርግ ሀሚዳ ትመርቀናለች።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን። ከኮርኒሱ ሥር ያለው የሸረሪት ድር በረጅም እንጨት ይውረድ። ኩሽናው ግድግዳ ላይ ያለው ጥቀርሻ ተፍቆ ቀለም ይቀባ። ሚስማሮቹ ይነቀሉ፣ ቀዳዳው ይደፈን። ሽንት ቤቱ በበረኪና ይታጠብ። ሁሉም ክፍል ይጠረግና ይወልወል፤ የእኔም የሶፎንያስም ክፍል። ከእሱ ክፍል አንድ ነገር እንዳይቀር፤ ልብሱን ለሚፈልግ ሰው ስጡት፤ አልጋው ይሸጥ።

አሁን ደንበኛ መጣብኝ፣ እዚህ ላይ ላቁም።

ልጅዎ ሚክያስ

*

ሆሳዕና፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚክያስ፤

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይቅር በለኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሶፎንያስ ሞቷል?

የሆነውን ልጻፍልህ። ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። እናትህ ግቢው ውስጥ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ዱካ ስቤ ማንበብ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ወንበር ላይ ወጥታ አቧራ ስትፈልግ የሚለው ጋ ስደርስ እናትህ እስክታለቅስ ሳቀች። «ልጄ እዚያ ሄዶ ባልትና ተማረ!» አለች። ከዚያ የሶፎንያስ ክፍል ይጠረግ፣ ልብሱን ለሚፈልግ ሰው ስጡት የሚለውን አነበብኩ። ድምፄን ታውቀዋለህ። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ ስታስደግመኝ እኔም ምን እያነበብኩ እንደሆነ ገባኝ።

ረሳኸው እንዴ ሚክያስ? ሆመቾ ሳለን አያትህ መንገደኛ የወጣበትን ቤት፣ መድረሱን ሳትሰማ አታስጠርግም ነበር። አባቴ ጃጁራ ገበያ ደርሶ እስኪመለስ እንኳ መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ይቆማል፤ ከዚያ በፊት የሚጠረገው የሞተ ሰው ቤት ነው። እኔ ጌታን ካገኘሁ ወዲህ የድሮ ሰው ወግ ነው እያልኩ አፌዝበታለሁ፤ ማፌዙን አፌዛለሁ እንጂ የሶፎንያስን ክፍል ልጥረገው ብዬ አላውቅም። እናትህ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ መጥረጊያ አላስገባችበትም። በሳምንት አንድ ቀን ትከፍተዋለች፣ ከደጃፉ ቆማ ታየዋለች፣ ትዘጋዋለች። አሁን ከአንተ አፍ ጥረጉት ሲባል፣ ልብሱን ስጡት ሲባል፣ እሷ ምን ብላ ትስማው?

ስትደነግጥ አማርኛዋ ይጠፋባታል። በሀዲይኛ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ጎረቤት ለመሙላት ያ በቂ ነበር። ምን ተባለ የሚል የለም። አጥር ላይ ሆነው የእኔን ንባብ የሰሙት ላልሰሙት ነገሩ። ሳንጠራቸው የእድራችን ዳኛ አቶ ጠና ድንኳን አስጭነው መጡ። ሀሚዳ በጾም አፏ ከሱቋ አግዳሚ ታመላልሳለች። ንፍሮ ተቀቀለ። እኔ መሀል ቆሜ «ቆይ፣ ገና አልተረጋገጠም» እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም፣ እኔም የሚሉትን አልሰማም።

ድንኳኑ በአንድ ወገን ተወጥሮ በሌላው ወገን ሳይወጠር አቶ ጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መቼ ነው ያረፈው?» ብለው ጮኹ። አላውቅም አልኳቸው። «የት ነው ያረፈው?» አላውቅም። «ማረፉንስ ማን ነገረህ?» ማንም አልኩ። ሰውዬው ካቴናው እንደጠፋበት ፖሊስ ቆመው ቀሩ። ድንኳኑን እንዳያፈርሱት ለቅሶ መስሏቸዋል፤ እንዳይጨርሱት ሬሳም ወሬም የለም። ሰዉ እያፈረ ንፍሮውን በላ። ወንጌላዊ ሀብተሚካኤል ለሞተም ለሚመጣም የሚሆን ጸሎት ጸለየ፤ እንዴት እንደቻለበት እስካሁን ይገርመኛል። ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ፤ አንዱ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፣ ሌላው «እግዚአብሔር መልካም ያሰማችሁ»።

እናትህ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ትለብስና ከሰዓት በኋላ ታስተካክለዋለች። አዎ ወይም አይደለም በል።

ተገኘ

*

ሩስተንበርግ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ተገኘ፤

ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር በሉኝ! ሞተ አላልኩም። እንደዚያ ማለቴ አይደለም። እዚህ ሰባት ዓመት ስኖር ያን ወግ ረስቼዋለሁ፤ የራሴን ቤት ስፈትግ ሰንብቼ ነው እንደዚያ የጻፍኩት። ክፍሉን እንዳትነኩት። ልብሱን ለማንም አትስጡ፤ የወሰደ ካለ አስመልሱ። አልጋውም አይሸጥ።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። ያቺን አንዲት ክፍል ብቻ ለእኛ ትተውልን እንደሆነ ወይዘሮ ሀሚዳን ጠይቋት። የአንዲቱን ክፍል ኪራይ እኔ ከዚህ እልካለሁ። ቁልፉ እናቴ ጋ ይሁን። እምቢ ካለች ደግሞ ልብሱን ጠቅልላችሁ ሆመቾ ውሰዱ፤ ወይም ቆይ፣ አትውሰዱ፣ መጀመሪያ ጻፉልኝ።

እናቴን አይዞሽ በሉልኝ።

ሚክያስ

*

ሆሳዕና፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚክያስ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ወሬው እዚህ ቀዝቅዟል፤ አቶ ጠና ግን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸውን በምን ዓይነት ፊት እንደሚያቀርቡ ይቸግራቸዋል።

ሀሚዳን ጠየቅኳት። «ክፍሏ ትቆይላት፣ ልጅ የሌለው ሰው ብቻ ነው ይህን እምቢ የሚለው» አለች። በማግስቱ አህመድ ሜትር ይዞ መጣ። ለሚገዛው አልጋና ቁም ሣጥን ክፍሎቹን ለካ፤ በእናትህ ክፍል አልገባ አሉት፣ በአንተም አልገቡ። የሶፎንያስን በር አየና ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ጨዋ ልጅ ነው። እናትህ ግን ከመስኮት ሆና አይታዋለች።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አረምኩት። ሞተ አላልኩም ብለሃል። አለ ያልክበትን ቦታ ፈለግሁ፣ አጣሁት። ዕድሜ ልኬን ያልሠሩትን የቤት ሥራ ሠርተናል የሚሉ ልጆች ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ጥያቄው ሲታለፍ አውቀዋለሁ። ወንድምህ የት ነው? መጨረሻ የደወለልህ መቼ ነው? ስልክ የሌለበት ያልከው ቦታ ስሙ ማን ይባላል?

ሌላም አለ። የጃጁራው ዘርአብሩክ ከእናንተ ዘንድ ተመልሶ መጥቷል። ከሶፎንያስ ጋር በአንድ አውቶቡስ የተሳፈረው ነው፣ አንተ አትረሳውም። ባለፈው ቅዳሜ እናትህ መናኸሪያው በር ላይ አየችው። እጇን ዘርግታ «ልጄ!» ብላ ስትሄድበት ፊቱን አዙሮ በመኪኖቹ መሀል ሾልኮ ጠፋ። ቤት መጥታ «ይህ ልጅ የሸሸኝ ምን አድርጌው ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ ደንቆሮ እንጂ ዕውር አይደለሁም። ሰው ስታለቅስ የነበረችን እናት የሚሸሸው ምን ሲይዝ ነው?

እናትህ አሁን መጥረጊያውን በሩ ላይ አቁማዋለች። አታስገባውም፣ አትመልሰውም። አንድ ወገን አድርገን።

አጎትህ ተገኘ

*

ሩስተንበርግ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ተገኘ፤

በፋሲካ ሳልደውል ቀረሁ፤ ለዘገየሁበት ይቅርታ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። እባክዎ ይህን ግቢ ውስጥ አያንብቡት። በር ዘግተው፣ አጠገቧ ተቀምጠው ያንብቡላት።

ዘርአብሩክ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ሱቄ መጥቶ ነበር። ከታንዛኒያ ጠረፍ ሳይሻገሩ ሶፎንያስን ትኩሳት ያዘው። ሦስት ቀን በድጋፍ ሄደ። ቱንዱማ ከምትባለው ከተማ ወዲህ አንድ መንደር ሲደርሱ መቆም አቃተው። አሻጋሪዎቹ የሚጠብቅ ካለ እዚሁ ይቅር አሉ። ካሳቫ የምትሸጥ አንዲት ሴት ቤቷ አስገባችው። ዘርአብሩክ የራሱን ጃኬት አልብሶት ወጣ። ሲወጣ በሕይወት ነበር፤ «ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» ብሏቸዋል። ዘርአብሩክ የሚያውቀው እስከዚህ ነው። እናቴን የሸሸው ለዚህ ነው፤ አትፍረዱበት፣ እኔም ሸሽቻታለሁ።

ከዚያ በኋላ ወደዚያ የሚነግድ ሱማሌ አገኘሁና እንዲጠይቅልኝ ላክሁት። መንደሩን አገኘው፣ ቤቱንም አገኘው። ሴትየዋ ተከራይ ኖራለች፤ ለቃ ሄዳለች። ቤቱ ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ ሌላ ቤተሰብ ገብቶበታል። የት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። ስለ ታመመ ሐበሻ ልጅ አንዱ ድኖ ሄደ አለው፣ አንዱ አላየሁም አለው፣ አንዲት አሮጊት ደግሞ ወደ ኮረብታው እጇን ቀሰረች፤ ኮረብታው ላይ መቃብርም አለ፣ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ መንገድም አለ። የቱን ማለቷ እንደሆነ ሰውዬው አልገባውም።

እንግዲህ እኔ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሞቷል ብል ዋሸሁ፤ አለ ብል ዋሸሁ። ስልክ የሌለበት ቦታ ነው ያልኩት ውሸት ያልሆነ ነገር ስፈልግ እሱን ስላገኘሁ ነው። ና ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። መንገዱ ቀላል ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን እናቴ አታውቅም።

ሌላም ልናዘዝ። ወጉን ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። ልብሱን ስጡ ብዬ ስጽፍ ረስቼው ይሁን፣ ሳልናገር እንዲገባችሁ ፈልጌ ይሁን፣ እኔም አላውቅም። ብዙ አሰብኩበት፣ አላውቅም። ያን ቀን ደንበኛ አልመጣብኝም ነበር።

አሁን ክፍሉ ይጠረግ ወይስ አይጠረግ ብትሉኝ፣ እናቴ ያለችው ይሁን።

ሚክያስ

*

ሆመቾ፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚክያስ፤

እግዚአብሔር ልብህን ይጠብቅልህ። ደብዳቤህን እንዳልከኝ በር ዘግቼ አነበብኩላት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብዬ አነበብኩ፤ ራሴን ስለማልሰማ ቃሉን ሁሉ በከንፈሬ እየቆጠርኩ ነው። እናትህ አልጮኸችም። ሳበቃ «ጃጁራ ውሰደኝ» አለች።

በማግስቱ ዘርአብሩክን ቤቱ አገኘነው። እግሯ ላይ ወደቀ። እሷ አነሳችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «ሴትዮዋ ፊቷ እንዴት ነበር?» አለችው። እሱም «ደግ ነበረች፤ ገና ሳንለምናት ነው ውኃ ይዛ የወጣችው» አላት። ስንመለስ መኪና ውስጥ እጄን ይዛ ነበር።

አቶ ጠና እንዴት ሆነ ብለው መጡ። እኛም እንዳንተው ሁሉ ምን እንደምንላቸው ጠፋን። ድንኳን አይተከልም፣ እንኳን ደስ ያላችሁም አይባልም፤ ለዚህ ዓይነቱ ነገር እድሩ ደንብ የለውም። አንድ ሰዓት ተቀምጠውልን ሄዱ። አመሰገንኳቸው።

ሚያዝያ 29 ማለዳ ስመጣ የሶፎንያስ ክፍል ተከፍቷል። እናትህ ወገቧን አስራ እየጠረገች ነው። ሀሚዳ ደጃፉ ላይ ቆማ «ገነቴ ተዪው፣ በእኔ ይሁንብሽ፣ ክፍሏ ያንቺ ናት» ትላለች፣ ታለቅሳለች። እናትህ «ሙሽራ ባልተጠረገ ቤት አትገባም» አለቻት። ልረዳት ብል ከለከለችኝ። የኮርኒሱን ድር አወረደች፣ ሚስማሮቹን ነቀለች፣ ወለሉን ሁለት ጊዜ አጠበች፤ አንተ ያዘዝከውን አንድም ሳታስቀር። ልብሱን ለማንም አልሰጠችም፤ አጥባ፣ አጣጥፋ ወደዚህ ሆመቾ ይዛው መጥታለች። ቁልፉን ለሀሚዳ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ሀሚዳ አቅፋት አልለቅም ብላ መኪናው ጥሎን ሊሄድ ነበር።

እኔ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነኝ። ስጸልይ ስሙን ከየትኛው ወገን እንደማነሳው አላውቅም። እሷን ብጠይቃት ጻፍልኝ አለችኝ። እሷ በሀዲይኛ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ አንድ ቃል ብጨምር ጌታ ይፍረድብኝ።

«ልጄ ሚክያስ፣ እኔ እናትህ ገነቴ ነኝ። ወንድምህን የጠራኸው አንተ መሆንህን ከሄደበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሲሰናበተኝ ነግሮኛል። ስንቁን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ። ክፍሉን የጠረግሁት ሞቷል ብዬ አይደለም፤ ደርሷል ብዬም አይደለም። እሱ ያለበትን እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያችም ሴት ታውቃለች። ለእሷ በየቀኑ እጸልያለሁ።

«የአንተን ክፍል ግን በሄድክ በወሩ ነበር የጠረግሁት። ደውለህ ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ ስላልከኝ አመንኩህ። ይህን ሁሉ ለብቻህ ተሸክመህ ሱቅ ከፍተህ ስትዘጋ መኖርህን አሁን ነው የሰማሁት። ለካ አንተም ገና አልደረስክም። የደረስክ ቀን በእውነት ደርሻለሁ በለኝ።»